ሁለት ሰው፣ አንድ ቀርፋፋ ሞተር ጀልባ፦ የረጅም ባህር ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። የብስ ከዓይን ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖታል። ከሁለታችሁ አንዱ መሪው ፊት ተቀምጦ ራዳሩን ያያል፤ ሌላው ታች መኝታ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ጥሎታል። ሞተሩ ሲያጉረመርም ቆይቶ ድንገት ድምፁ ይለወጣል።

በዚያች ደቂቃ ጀልባዋ ላይ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው። ጥንዶች ረጅም የባህር ጉዞ ሲያስቡ «ሁለት ነን፣ እንረዳዳለን» ብለው ያቅዳሉ። መሬት ላይ ልክ ነው። ሌት ተቀን በምትሄድ ጀልባ ላይ ግን አብዛኛውን ሰዓት የምታሳልፉት ተራ በተራ፣ ብቻ ለብቻ ነው። ስለዚህ ከጀልባ መረጣ እስከ መልህቅ አጣጣል ሁሉንም ነገር የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የነቃው ሰው ብቻውን ሊያደርገው ይችላል ወይ?

ቀርፋፋ የምለው ውሃውን እየገፋ የሚሄደውን፣ እንደ ፈጣን ጀልባ ውሃው ላይ የማይንሸራተተውን ዓይነት ነው። በሰዓት ከስድስት እስከ ስምንት የባህር ማይል ይጓዛል። የባህር ማይል 1,852 ሜትር ነው፤ በሰዓት አንድ የባህር ማይል መሄድ አንድ ኖት ይባላል። ስድስት ኖት ማለት ጎበዝ ሯጭ የሚቀድመው ፍጥነት ነው፤ ጀልባዋ ግን አታርፍም፤ በሃያ አራት ሰዓት 144 የባህር ማይል ትቆርጣለች። በዚህ ፍጥነት ውቅያኖስ መሻገር አዲስ ነገር አይደለም። ማሪን ማሪ የተባለው ፈረንሳዊ ሰዓሊ እ.ኤ.አ. በ1936 ከኒውዮርክ እስከ ፈረንሳይ አትላንቲክን በትንሽ ሞተር ጀልባ ብቻውን ተሻግሯል። ጡረታ የወጣው የአሜሪካ ባህር ኃይል መኮንን ሮበርት ቢቢ ደግሞ ለዚሁ ሥራ ብሎ የነደፋትን ጀልባ ሲንጋፖር ውስጥ አሠርቶ በ1963 እስከ ግሪክ ነዳት። የዛሬዎቹ ባለ ረጅም መንገድ ሞተር ጀልባዎች ብዙውን ሐሳብ የወረሱት ከእሱ ነው።

1. ጀልባዋን ስትመርጡ

ርዝመቷ ብዙ አያስጨንቃችሁ። ከ11 እስከ 15 ሜትር ያላት ለሁለት ሰው ትበቃለች። ከዚያ በላይ ስትሆን ወደብ ጥግ ንፋስ ሲገፋት አንድ ሰው በገመድ ይዞ አያቆማትም።

ሻጩ ሳሎኑንና ማብሰያውን እያሳየ ሲያደንቅ እናንተ በቀጥታ ሞተር ክፍሉን ክፈቱ። ከሁለታችሁ በጉልበት አነስ ያለው ሰው ይግባ። የናፍጣ ፊልትሮዎቹን፣ የዘይት መለኪያውን፣ የባህር ውሃ መግቢያ ቧንቧውን እያንዳንዱን በእጁ ይንካ። የሞተሩን አንድ ጎን ብቻ መንካት ከተቻለና ሌላው ጎን ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ፣ ባህር ላይ ያ ጎን የለም ማለት ነው። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከመሪው እስከ ጀልባዋ ጫፍ ሂዱ፤ እጃችሁ በየእርምጃው የሚይዘው ዘንግ ያገኛል? መሪው አጠገብ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር አለ? አንድ ሰው መሪ ለቆ ገመድ ሊያስር ሲወጣ ልዩነቱን ያየዋል።

አንድ ሞተር ወይስ ሁለት የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። እኔ ለአንድ ሞተር ነው የምፈርደው። አንዱ ፕሮፔለር (ጀልባዋን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክንፍ) ከጀልባዋ አከርካሪ ኋላ ተከልሎ ስለሚቀመጥ ተንሳፋፊ ግንድና የዓሣ መረብ በቀላሉ አያገኘውም። ጥገናውም በግማሽ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ሞተርን መንገድ ላይ የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ የቆሸሸ ናፍጣ ነው፤ ከአንድ ታንከር የሚጠጡ ሁለት ሞተሮች ደግሞ አብረው ነው የሚቆሙት። ለክፉ ቀን የራሷ ነዳጅና የራሷ ፕሮፔለር ያላት ትንሽ ተጠባባቂ ሞተር ብትኖር ይበቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት ጀልባዋን ከውሃ አውጥቶ የሚመረምር ባለሙያ ቅጠሩ፤ የሞተር ዘይቱም ናሙና ላቦራቶሪ ይታይ። የሙከራ ጉዞው ላይ ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያህል እስከ መጨረሻ ስጡት። ፋብሪካው የወሰነው ዙር (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ቁጥር) ላይ ካልደረሰ ወይ ፕሮፔለሩ አልገጠመም፣ ወይ ሆዷ ቆሽሿል፣ ወይ ሞተሩ ደክሟል። ሙቀቱ ከፍ እያለ ከሄደም እዚያው ይታያል፤ ከገዛችሁ በኋላ ከሚታይ ያኔ ቢታይ ይሻላል።

2. የራሳችሁን የናፍጣ ሰንጠረዥ ሥሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ብትቆዩ ደስ ይለኛል።

ውሃ የሚገፋ ጀልባ የፍጥነት ጣሪያ አለው። የሚሠራው ማዕበል ከራሱ ርዝመት ጋር ይያያዛልና፣ ፍጥነቱ ሲጨምር የገዛ ማዕበሉን አቀበት መውጣት ይጀምራል። ጣሪያውን በግምት ለማግኘት ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትቀመጥ ያላትን ርዝመት በሜትር ውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ2.43 አባዙ። ለ12 ሜትር 8.4 ኖት ይመጣል። ከዚያ በላይ ናፍጣ መጨመር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። በ2.43 ፋንታ በ1.8 ስታባዙ ደግሞ 6.2 ኖት ይወጣል፤ ርቀት የሚገኘው በዚህ አካባቢ ነው።

ቀመሩ ግምት ነው፤ እውነቱን ከጀልባችሁ ውሰዱ። ፀጥ ያለ ቀን ምረጡ። ታንከሩና ዕቃው ለረጅም ጉዞ እንደሚጫነው ይሁን፤ ባዶ ጀልባ ትዋሻለች። ሞተሩን በአንድ ዙር አስተካክላችሁ አንድ የባህር ማይል ሂዱ፣ በዚያው ዙር ተመለሱ፣ የሁለቱን ፍጥነት አማካይ ያዙ፤ እንዲህ ሲሆን የውሃው ፍሰት የሰጣችሁም የነሳችሁም ይጣፋል። የናፍጣ ፍጆታ መለኪያ ካላችሁ አንብቡ፤ ከሌላችሁ በየዙሩ ጥቂት ሰዓት ተጉዛችሁ የጎደለውን በታንከሩ ማሳያ ቱቦ ለኩ። የእኛ 12 ሜትር ጀልባ ውጤት ይህን ይመስላል፦

- በ1,400 ዙር፦ 5.5 ኖት፣ በሰዓት 4.4 ሊትር፣ ለአንድ ማይል 0.8 ሊትር
- በ1,600 ዙር፦ 6.3 ኖት፣ በሰዓት 7 ሊትር፣ ለአንድ ማይል 1.1 ሊትር
- በ2,000 ዙር፦ 7.4 ኖት፣ በሰዓት 13 ሊትር፣ ለአንድ ማይል 1.75 ሊትር
- በ2,300 ዙር፦ 8.2 ኖት፣ በሰዓት 22 ሊትር፣ ለአንድ ማይል 2.7 ሊትር

አሁን ይህን መንገድ ላይ አውሉት። ከካናሪ ደሴቶች እስከ ካሪቢያን 2,700 የባህር ማይል ያህል ነው። በ6.3 ኖት 18 ቀን ይፈጃል፣ 2,970 ሊትር ይጠጣል። በ7.4 ኖት 15 ቀን ከትንሽ ይሆንና 4,700 ሊትር ይሻገራል። ሁለት ቀን ተኩል ለማትረፍ ከ1,700 ሊትር በላይ መክፈል ነው። ታንከራችሁ 4,000 ሊትር ከሆነ ደግሞ ምርጫ እንኳ የላችሁም፤ በዚያ ፍጥነት ሳትደርሱ ያልቃል።

ለጄኔሬተሩ ፍጆታ ለብቻ ደምሩ፣ በድምሩ ላይ ከ20 እስከ 25 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ። ከዚያ አራት ማዕዘን ባለው ወረቀት ላይ ሥዕል ሥሩ፦ በጎን የቀረው ናፍጣ፣ በታች የቀረው ማይል። መጠባበቂያው ሳይነካ ለመድረስ የሚያስፈልገውን በቀይ መስመር አስምሩ። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ታንከሩን ለክታችሁ አንድ ነጥብ አኑሩ። ነጥቡ ወደ ቀዩ መስመር እየተጠጋ ከመጣ ዙሩን 100 ቀንሱ፣ ነገ ደግሞ እዩት። የእኛ ወረቀት መሪው አጠገብ ተለጥፎ ይውላል። ለተራ የሚነሳው ሰው ጓደኛውን ሳይጠይቅ ያለንበትን ያነበዋል።

3. ናፍጣውን አጥሩ

ታንከር ግርጌ ላይ ውሃ ይጠራቀማል፤ ሲሞላ አብሮ የገባ አለ፣ ከአየር እርጥበት የሚንጠባጠብም አለ። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ድንበር ላይ ደግሞ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ጥቁር አተላ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ወደብ ላይ ጀልባዋ ስለማትናወጥ አተላው ግርጌ ተኝቶ ይቆያል። ባህሩ ሲቆጣ ይበጠበጥና በቀጥታ ወደ ፊልትሮ ይሄዳል። ማለትም ሞተሩ የሚቆመው ሞተሩ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

በእኛ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ከዋናው ሞተር ፊት ያለው ፊልትሮ ላይ የመምጠጥ ኃይል የሚያሳይ ትንሽ ባለ መርፌ መለኪያ ገጥመናል፤ ፊልትሮው ሲደፈን መርፌው ይወጣል። በዚያ ሌሊት መርፌው ቀስ እያለ ሲወጣ አየሁት፤ ግን ሰነፍኩ፣ «ይንጋና» አልኩ። አልነጋም። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ፀጥ አለ። ያለ ሞተር የቆመች ጀልባ ወዲያው ጎኗን ለማዕበሉ ትሰጣለች። ከመደርደሪያ የወረደው ድስት ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ሲንኳኳ እንቅልፍ ላይ የነበረው ሰው እኔ ሳልጠራው ደረሰ። እኔ ሞተር ክፍል በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ የፊልትሮውን ክዳን ፈታሁ። የወጣው ፊልትሮ የቡና አተላ የተቀባ ይመስል ነበር። አዲሱን ከትቼ፣ የፊልትሮውን ቤት በንጹህ ናፍጣ ሞልቼ፣ አየሩን አስወጥቼ ሞተሩ እስኪነሳ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ።

ከዚያ በኋላ የቀየርነው፦ ሁለት ፊልትሮ ጎን ለጎን አስገጠምን፣ መሐላቸው መቀየሪያ እጀታ አለ። አንዱ ሲደፈን እጀታውን ታዞራላችሁ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ በሌላው ይቀጥላል፣ የተደፈነውን በተረጋጋ ሰዓት ትቀይራላችሁ። የመርፌው ወሰን በቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀዩን ከነካ «ይንጋና» የለም።

የመቀየሩን ሥራ ወደብ ላይ ተለማመዱ፤ ሁለታችሁም፣ አንዳችሁ ሌላውን ሳይረዳ፣ በሰዓት እየተለካ። ከፊልትሮው በታች ያለው ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ሲታይ በቧንቧዋ አፍስሱት። ናፍጣ ከማታውቁት ቦታ ስትቀዱ መጀመሪያ ጥቂት በጠራ ጠርሙስ ቅዱና አሥር ደቂቃ አስቀምጡት፤ ግርጌው ላይ ውሃ ወይም አሸዋ ከተቀመጠ አመስግናችሁ ሂዱ። ፊልትሮ ስትገዙ በደርዘን ግዙ። እኔ ሁለት ደርዘን ሳልይዝ ከወደብ አልወጣም፤ ባለቤቴ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

4. ሞተር ክፍል በየሁለት ሰዓቱ

ተረኛው በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ ያያል፤ ተራ ሲቀያየሩም እንዲሁ። በር ላይ ቁሙና መጀመሪያ አሽትቱ። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ቺንጋ ነው፣ ጣፋጭ ነገር የሚሸት ከሆነ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ እየፈሰሰ ነው። ከዚያ በሙቀት መለኪያ ጠመንጃ ሁልጊዜ ያንኑ ነጥቦች ለኩ፦ የቻርጀሩን ዳይናሞ፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ ከጀልባዋ የሚወጣበትን ቦታ፣ የጭስ ማውጫውን ክርን። ቁጥሩን መዝገብ ላይ ጻፉት። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም፤ ትናንት 58 የነበረው ዛሬ 71 ሲሆን ነው ወሬ የሚጀምረው።

የወለሉን ስር እዩ፣ ውሃ ካለ ቅመሱት። ጨዋማ ከሆነ ከባህር ነው የገባው፤ ካልሆነ ከራሳችሁ ታንከር ነው።

የባህር ውሃ ስቦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፓምፕ ውስጥ ኢምፔለር የሚባል ባለ ክንፍ ጎማ አለ። ውሃ ሳያገኝ ደረቁን ከዞረ በደቂቃዎች ይቀደዳል፤ ለምሳሌ ላስቲክ የውሃ መግቢያውን ሲደፍነው። ከጭስ ማውጫው የሚተፋው ውሃ ቢቀንስ ወይም ድምፁ ባዶ ባዶ ቢል ሞተሩን አጥፉ። ተቀዳጅቶ ከወጣ ክንፎቹን ቁጠሩ፤ የጎደለው ቁራጭ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ መንገድ እየዘጋ ነውና ፈልጋችሁ አውጡት። ሦስት መለዋወጫ ኢምፔለር፣ ሁለት ሙሉ የቺንጋ ስብስብ፣ አንድ ሙሉ የባህር ውሃ ፓምፕ፣ አንድ ዳይናሞ፣ ለሁለት ጊዜ የሚሆን ዘይት አትጡ።

5. ተራ ጥበቃ

ብዙ ጥንዶች ሦስት ሰዓት በሦስት ሰዓት ይቀያየራሉ። እኛም ሞክረን ተውነው፤ ልብስ ለብሶ አውልቆ፣ ተነጋግሮ፣ እንቅልፍ እስኪይዝ ሦስቱ ሰዓት ሁለት ይሆናል። አሁን ሌሊቱን ለሁለት እንከፍለዋለን፦ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሌሊቱ ሰባት አንዱ፣ ከሰባት እስከ ንጋቱ አንድ ሌላው። ቀን ቀን የደከመው ይተኛል። ስድስት ሰዓት መቀመጥ ይከብዳል፤ ስድስት ሰዓት መተኛት ግን ሰው ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የትኛውም አከፋፈል ቢሆን አስቀያሚ ናቸው። ሰውነት እስኪለምድ ድረስ ትልቅ ውሳኔም፣ የቆየ ጠብም አታንሡ።

እንቅልፍ እንዳይወስድ በየ12 ደቂቃው የሚጮህ ማንቂያ ሙሉ። ሒሳቡ ይህ ነው፦ 20 ኖት የሚሄድ መርከብ ከፊታችሁ እየመጣ እናንተ በ6 ብትሄዱ በ26 ኖት ትቀራረባላችሁ። ስምንት ማይል ላይ ያየኸው መርከብ በ18 ደቂቃ እላይህ ላይ ነው። መርከቦች ስማቸውንና አቅጣጫቸውን የሚያሰራጩበት ኤአይኤስ ትልቅ እፎይታ ቢሆንም፣ ትናንሽ የዓሣ ጀልባዎች ብዙውን ጊዜ የላቸውም፤ ከእንጨት ከሆኑ ራዳርም አጥርቶ አያሳያቸውም። ዓለም አቀፉ የ1972 የባህር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብም በዓይንና በጆሮ መጠበቅን ያዛል እንጂ ስክሪን ማየትን ብቻ አይቀበልም።

ሌሊት ቀይና አረንጓዴ መብራት አብረው ከታዩ መርከቡ በቀጥታ ወደ እናንተ ነው፤ ሁለታችሁም ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። መንገዳችሁን የሚያቋርጥ ሞተር መርከብ በቀኛችሁ በኩል ከመጣ የምታሳልፉት እናንተ ናችሁ። ስታሳልፉ በግልጽ ታጠፉ፤ ሦስት ዲግሪ ማጠፍ ከመርከቡ መሪ ክፍል ሆኖ ለሚያይ ምንም አልተደረገም።

ጓደኛህን መቼ ትቀሰቅሳለህ? ይህ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ካልተጻፈ «ይተኛ፣ ደክሞታል» የሚለው ርኅራኄ አደጋ ያመጣል። የእኛ ወረቀት አምስት መስመር አለው፦ ከሁለት ማይል በታች የሚያልፍ መርከብ፣ ያልገባህ መብራት፣ የተለወጠ የሞተር ድምፅ፣ ከ25 ኖት ያለፈ ንፋስ፣ ከጀልባዋ ክፍል ወደ ውጭ መውጣት የሚያስፈልግ ማንኛውም ሥራ። በአምስተኛው ድርድር የለም። ሌሊት ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ሌላውን ሳይቀሰቅስና የደህንነት ቀበቶውን ሳያስር በሩን አይከፍትም። ሽንትም ቢሆን!

6. መንገዳገዷን ማስታገስ

ሸራ ያላት ጀልባ ንፋሱ ይደግፋታል። የሞተር ጀልባ ግን ማዕበል ከጎን ሲመጣ እንደ ሕፃን አልጋ ትወዛወዛለች። ከሥራ ይልቅ ሰውን የሚያደክመው ይህ ነው። መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። ሞተር የሚያንቀሳቅሳቸው ክንፎች በጉዞ ላይ ድንቅ ናቸው፤ ሌላ ነገር ሲነካቸው ግን ይሰበራሉ፣ እንክብካቤ የሚፈልገው ፓምፓቸውና ቱቦአቸውም ብዙ ነው። በፍጥነት የሚሽከረከር ከባድ ጎማ ያለው ጃይሮ መልህቅ ላይም ይሠራል፤ ጄኔሬተር ግን ይፈልጋል። ሦስተኛው በግራና በቀኝ ከተዘረጋ ረጅም ዘንግ ላይ ውሃ ውስጥ የሚጎተት፣ መርከበኞች «ዓሣ» የሚሉት ብረት ነው። ከዓሣ አስጋሪዎች የተወረሰ ነው፣ ትንሽ ፍጥነት ይቀማል፣ ከገመድና ከሰንሰለት በቀር የሚበላሽ ነገር የለውም። ከባድ ስለሆነ አንድ ሰው በመዘውር ብቻውን ሲያወርደውና ሲያወጣው ሞክሩት። ካልቻለ አትግዙት።

ምንም ባይኖራችሁ አቅጣጫ አለ። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ዞር ብላችሁ ማዕበሉን በማዕዘን ተቀበሉት፣ ከሰዓታት በኋላ ወደ ሌላው ጎን ታጠፉ። መንገዱ ትንሽ ይረዝማል፤ ምግብ ግን ሳህን ላይ ይቆያል።

7. የአየር ሁኔታ

በስድስት ኖት ከመጥፎ አየር ሮጦ ማምለጥ የለም፤ ከእናንተ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ያላችሁ መሣሪያ መጠበቅ ነው። የሦስት ቀን ትንበያን እመኑ፤ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ያለውን ለአዝማሚያ ብቻ እዩት። ሁለት የተለያዩ የትንበያ ሞዴሎች ሲስማሙ ውጡ፤ ካልተስማሙ አንድ ቀን ጠብቁ።

ትንበያ ስታነቡ ከማዕበሉ ከፍታ ይልቅ በሁለት ማዕበል መካከል ያለውን ሰከንድ እዩ። በአሥር ሰከንድ የሚመጣ የሁለት ሜትር ማዕበል ከፍ ዝቅ ያደርጋችኋል እንጂ አይጎዳም። ያው ሁለት ሜትር በአምስት ሰከንድ ሲመጣ ግድግዳ ነው። ወቅትም አለ፦ የሰሜን አትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ ወደ ካሪቢያን የሚሻገሩት ከኖቬምበር መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ወጥተው የንግድ ነፋስ ከሚባለው ቋሚ የምሥራቅ ነፋስ ጋር የሚጓዙት ለዚህ ነው። ከሰው ጋር የመገናኛ ቀጠሮ ካላችሁ ወይ ቀኑን ንገሩት ወይ ቦታውን፤ ሁለቱንም አትንገሩት።

8. ለክፉ ሰዓት፣ ብቻን

መሪውን አዘውትሮ የሚይዘው ሰው ታመመ እንበል። ሌላው ሞተሩን አስነስቶ፣ ያለበትን ቦታ አንብቦ፣ ራዲዮ ጠርቶ፣ ጀልባዋን ወደብ ማስገባት አለበት። በወር አንድ ቀን ሚና ተቀያየሩ፤ ልማደኛው እጁን አጣምሮ ይቀመጥ፣ አፉንም ይዝጋ። ከሁለቱ አፍ መዝጋቱ ይከብዳል።

ራዲዮው አጠገብ የሚነበበው ተጽፎ ይለጠፍ፦ በቪኤችኤፍ (የቅርብ ርቀት ራዲዮ) ቻናል 16 «ሜይዴይ» የሚለው የአደጋ ጥሪ ሦስት ጊዜ፣ የጀልባዋ ስም ሦስት ጊዜ፣ ቦታ፣ ምን እንደደረሰ፣ ስንት ሰው እንዳለ። ቪኤችኤፍ እንደ ዓይን ነው፤ ከአድማስ ብዙ አይሻገርም። ለሩቅ ባህር በ406 ሜጋኸርዝ ሳተላይት የሚጠራው ኢፐርብ የተባለ የአደጋ ጊዜ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ በስማችሁ ካልተመዘገበ ግን ፈላጊዎቹ ማንን እንደሚፈልጉ አያውቁም።

ሞተር ክፍል ውስጥ እሳት ከተነሳ በሩን አትክፈቱ። መጀመሪያ ሞተሩንና የአየር ማራገቢያውን አጥፉ፣ ከዚያ ማጥፊያው ይለቀቅ። ናፍጣ ሞተር እየሠራ ከሆነ የማጥፊያውን ጋዝ ራሱ ስቦ ይጨርሰዋል።

ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ የቀረው ሰው የቦታ መያዣውን ቁልፍ ይጫን፣ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውር፣ በነፋሱ መነሻ በኩል ይጠጋና ማርሹን ነፃ አድርጎ በቀስታ ወደ እሱ ይንሸራተት። ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ውሃ የጠጣ ልብስ የለበሰን ሰው ብቻን ማንሳት ሌላ። መዘውሩን ወይም ትንሿን ክሬን አዘጋጁና ፀጥ ባለ ቀን አንዳችሁ በፈቃዳችሁ ዋኙ፣ ሌላው ያውጣ። እኛ መጀመሪያ ስንሞክር አልተቻለም፤ የመንጠቆው ገመድ አጥሮ ነበር። ያን የማወቂያው ቀን ያኔ መሆኑ ደግ ነው።

9. መልህቅ ያለ ጩኸት

ብዙ ጥንዶች ሰው ፊት የሚጣሉት መልህቅ ሲጥሉ ነው። አንዱ ከፊት ሆኖ ይናገራል፣ ሌላው ሞተር ስለሚጮህ አይሰማም፣ ከዚያ ሁለቱም ይጮኻሉ። በእጅ ምልክት ተስማሙ፦ ክንድ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፤ ጡጫ ማለት ማርሽ ነፃ። አምስት ምልክት ይበቃል።

የሰንሰለቱን ልክ አስሉ። ጥልቀቱ 5 ሜትር፣ ከውሃው እስከ ጀልባዋ አፍንጫ 1.5፣ ባህሩ ሲሞላ የሚጨምረው 1.5፤ ድምሩ 8። በአምስት አባዙት፣ 40 ሜትር ልቀቁ። ንፋስ ከተጠበቀ በሰባት፣ 56። ጀልባዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ስትሄድ ሰንሰለቱ ይዘርጋ፤ ክምር ሆኖ መልህቁ ላይ ካረፈ አይነክስም። ከተዘረጋ በኋላ በኋላ ማርሽ ቀስ እያላችሁ እስከ 1,500 ዙር ድረስ ሳቡትና በጎን ያሉ ሁለት ቋሚ ነገሮችን አሰልፋችሁ እዩ፤ መስመራቸው ካልተለወጠ ይዟል። የሚለጠጥ የናይሎን ገመድ ሰንሰለቱ ላይ እሰሩ፣ አለዚያ እያንዳንዱ ግፊት በቀጥታ መዘውሩን ነው የሚመታው።

10. የቀረው ጓዝ

ውሃ ከባህር የሚያጣራ መሣሪያ በ55 ባር አካባቢ ግፊት ጨዉን ይለያል። ዘይት የሚንሳፈፍበት ወደብ ውስጥ አታስነሡት፣ ጨዉን የሚለየው ስስ ሽፋን አንዴ ከተበላሸ አይመለስም። ሥራውን እያመናችሁትም የውሃ ታንከሩን ከግማሽ በታች አታውርዱ። ወረቀት በኩል የጀልባዋ ምዝገባ፣ ኢንሹራንስ፣ የራዲዮ ፈቃድ፣ ከወጣችሁበት ወደብ የተሰጠ የመውጫ ሰነድ በአንድ ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ይሁን። ቀን መቁጠርም አለ፦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚኖር ሰው ጀልባው ያለ ቀረጥ 18 ወር መቆየት ሲችል፣ ባለ ጀልባው ግን የኅብረቱ ወይም የሼንገን አገር ዜግነት ከሌለው፣ በአውሮፓ የሼንገን ቪዛ ክልል ለአጭር ቆይታ ከ180 ቀን ውስጥ 90 ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ጀልባዋ ከባለቤቷ የተሻለ ፓስፖርት አላት!

11. ከአጭር ወደ ረጅም

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መጀመሪያ አሥር የቀን ጉዞ። ከዚያ አንድ ሌሊት፤ ጨለማ ውስጥ መብራት ማንበብ የሚለመደው ያኔ ነው። ቀጥሎ ሦስት ሌሊት ሳታቋርጡ፤ ከእንቅልፍ እጦቱ ተሻግራችሁ ሰውነት ሲለምድ ታያላችሁ። በየጉዞው መጨረሻ ላይ ተቀምጣችሁ «የቱ ሥራ ነው ሁለት ሰው የፈለገው?» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀጣዩን ከመውጣታችሁ በፊት ያንን ለአንድ ሰው እንዲሆን አስተካክሉ። የሦስቱ ሌሊት ዝርዝር ባዶ ሲሆን ለሳምንቱ ዝግጁ ናችሁ።

12. ስትደርሱ

ጨለማ ውስጥ ወደማታውቁት ወደብ አትግቡ። ሌሊት ከደረሳችሁ ጥልቅ ውሃ ላይ ፍጥነት ቀንሳችሁ ንጋትን ጠብቁ። ቢጫውን ባንዲራ ስቀሉ፤ የመግቢያ ፈቃድ እንደምትጠብቁ ይናገራል። መልህቁ ከያዘ በኋላ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ያለ ጭነት ይዙርና ይቀዝቅዝ። አንድ ጊዜ የመጨረሻውን ሞተር ክፍል ወርዳችሁ እዩ፣ ሰዓቱንና የቀረውን ናፍጣ መዝገቡ ላይ አስፍሩ። የመልህቁን ማንቂያ ሙሉ። ከዚያ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችሁም ባንድነት ተኙ።